አጭር ሰላምታ ወደ አርጆ

(ነቀምቴ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጧጧፈበት ዘመን። የስልክ ቤቱ በረንዳ። ማመልከቻ ጸሐፊው ዓምደሚካኤል እግሩ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ የጽሕፈት መኪናውን አስቀምጦ ለደንበኛው በስልክ የሚነበብ ቃል ይጽፋል። የእህል መጋዘን ጫኝና አውራጁ ጆቴ ከፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከኋላቸው በመስኮቱ ስልከኛዋ የሺአረግ ትታያለች። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ዓምደሚካኤል፦ ፍየሏ ትሰረዝ!

ጆቴ፦ ፍየሏ አትሰረዝም ጋሼ!

ዓምደሚካኤል፦ አንተ ሰው፣ በስልክ የፍየል ጤና አይጠየቅም እኮ ነው የምልህ!

ጆቴ፦ የኦቦ ጨመዳ ፍየል ናት። ባለፈው አሟት ነበር። አሁን ሳልጠይቅ ባልፍ ምን ይሉኛል? «ይሄ ልጅ ፍየሌን ንቋል፤ ነገ ልጄንም ይንቃል» አይሉም?

ዓምደሚካኤል፦ ምንም አይሉህም፤ ስልኩ ይዘጋል! ባለፈው ሳምንት ምን ሆንክ? እስቲ አንተው ንገረኝ።

ጆቴ፦ አርጆ ደወልኩ።

ዓምደሚካኤል፦ ከዚያስ?

ጆቴ፦ «አከም ጅርቱ ኦቦ?» አልኩ። እሳቸውም «ነጋ፣ ደህና ነኝ፤ አንተስ አከም?» አሉ። ቤት ደህና? ደህና። ልጆች ደህና? ደህና። ላሞቹስ? ዋቃዮፍ ገለታ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጥጃዋስ? ቆመች። ዝናቡስ? መጣ። ጎረቤትዎ ባይሳስ? እግሩን አሞታል። የትኛውን እግሩን? የግራውን...

ዓምደሚካኤል፦ ከዚያ?

ጆቴ፦ ከዚያ ፍየሏ ላይ ደረስን።

ዓምደሚካኤል፦ ከዚያስ?

ጆቴ፦ ከዚያማ የሺአረግ «ሦስት ደቂቃ ሞላ» ብላ ነቀለችው።

ዓምደሚካኤል፦ ስለ ድርቤ ምን አልክ?

ጆቴ፦ ወደ ድርቤ ልገባ ስል እኮ ነው የነቀለችው!

ዓምደሚካኤል፦ አየህ? ወንድ ልጅ ሚስት ለመጠየቅ ደውሎ የባይሳን ግራ እግር ጠይቆ ይመለሳል! ዛሬስ ካልነገርካቸው?

ጆቴ፦ ዛሬ ካልነገርኳቸው አለቀልኝ ጋሼ። «ሽማግሌ የምትልክበትን ቀን እስከ ዛሬ ገበያ ቁረጥና አሳውቀኝ» ብለው በመኪና ሹፌር ልከውብኛል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ድርቤን ለወንድሙ ልጅ ሊጠይቅ በራቸው ላይ ቆሟል። ዛሬ ከእኔ ቃል ካልሰሙ ለእሱ ቃል ይሰጣሉ። ድርቤን ካጣሁ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ኩንታል መሸከሙም አይሆንልኝ። ጉልበቴ የሷ ነው።

ዓምደሚካኤል፦ ስለዚህ ፍየሏስ?

ጆቴ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እሺ ትሰረዝ። ግን ቀስ አድርገው ይሰርዟት።

(ዓምደሚካኤል በፍየሏ ላይ መኪናውን ያንቀጫቅጫል። ጆቴ በእያንዳንዱ ምት ዓይኑን ይጨፍናል።)

ዓምደሚካኤል፦ አሁን ላሞቹ።

ጆቴ፦ ላሞቹም?

ዓምደሚካኤል፦ ላም ከነጥጃዋ። ዝናቡ ይሰረዝ፤ እዚህ የዘነበ እዚያም ይዘንባል። የባይሳ እግር ሁለቱም ይሰረዝ። ልጆቹ ይሰረዙ።

ጆቴ፦ ኧረ ቆይ ጋሼ! ድርቤ እኮ ከልጆቹ መሃል ናት!

ዓምደሚካኤል፦ ድርቤ ራሷን የቻለች አጀንዳ ናት፤ ከታች ትመጣለች። ስማኝ ጆቴ፤ ይሄ የምሠራልህ ተራ ወረቀት እንዳይመስልህ። እኔ ስንቱን ማመልከቻ አሳጥሬ ስንቱን ሰው ከእስር ያስፈታሁ ሰው ነኝ። የስልክ ሰላምታ ድሮ በእግር ሲኬድ የነበረው ሰላምታ ነው፤ ሰው ተራራ ወጥቶ ወርዶ ሲደርስ እስኪያርፍ ድረስ የሚባል ነበር። ሽቦ ግን አይደክመውም። አንዱ «አለሁ» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል፣ በቃ! መስመሩ ተገናኘ ማለት ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉዳይ!

ጆቴ፦ መኖራቸውንማ ካነሱት አውቃለሁ። ደህንነታቸውን ነው እንጂ የማላውቀው።

ዓምደሚካኤል፦ የሞተ ሰው ስልክ ያነሳል?

ጆቴ፦ አያነሳም።

ዓምደሚካኤል፦ እንግዲያው ደህና ናቸው! ይሄን ሠርተን ሲሳካልህ፣ አስጸድቄ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የማስለጥፈው። ከኪራሙ እስከ አርጆ ሰው ሁሉ በዚሁ ይደውላል። ና አሁን፣ መጀመሪያው ላይ «ኦቦ» ያልከው ወደ «ጓድ» ይለወጥ።

ጆቴ፦ ኦቦ ጨመዳን ጓድ ብላቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ ነው የሚያዩት።

ዓምደሚካኤል፦ ይልመዱት። ደግሞ ይሄ «እኔ፣ እኔ» የምትለው ምንድን ነው? «እኔ ጆቴ ነኝ፣ እኔ ሽማግሌ እልካለሁ»። በደህና ማመልከቻ ውስጥ እኔ የሚባል ነገር የለም። ግለኝነት ነው። «ጆቴ» ነው የሚባለው።

ጆቴ፦ የምደውለው እኔ አይደለሁ እንዴ?

ዓምደሚካኤል፦ ደዋዩ አንተ ነህ። ባለጉዳዩ ግን ጆቴ ነው።

ጆቴ፦ (ግራ ተጋብቶ) ሁለት ነን ማለት ነው?

ዓምደሚካኤል፦ በወረቀት ላይ ሁለት ናችሁ። አሁን ደግሞ ከራሴ አንድ ነገር ልጨምርልህ። በውይይት ክበብ ሰብሳቢው ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ ንግግር አይጀምርም። የቆመ ሰው ሐሳቡ ይበተናል። ስለዚህ «ቁጭ ይበሉ» የሚል እናስገባ። ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚደርሱት?

ጆቴ፦ ቅዳሜ በማለዳ። ሰው ከቤት ሳይወጣ።

ዓምደሚካኤል፦ (እየጻፈ) ግሩም። እንካ፣ አለቀ። አንብብ፣ ልስማህ። እኔ ጨመዳ ነኝ። ሃሎ?

ጆቴ፦ አከም ጅርቱ ኦ...

ዓምደሚካኤል፦ ሰረዝነው!

ጆቴ፦ አፌን ላሟሽ ብዬ ነው።

ዓምደሚካኤል፦ አታሟሽ! ሃሎ?

ጆቴ፦ (ጣቱን በፊደሉ ላይ እያሄደ) ጓድ... ጨመዳ። እዚህ ላይ... ትንፋሽ... ውሰድ።

ዓምደሚካኤል፦ እሱ ላንተ ነው!

ጆቴ፦ ለእኔ ከሆነ ለምን በእሳቸው ወረቀት ላይ ተጻፈ?

ዓምደሚካኤል፦ እዚያ ስትደርስ እንድትተነፍስ ነዋ! አይነበብም።

ጆቴ፦ አስተማሪያችን ሐረግወይን «የተጻፈ ሁሉ ይነበባል፣ አንድም አይዘለልም» ነው ያለችን። የምስክር ወረቀቴን ያገኘሁት ባለመዝለል ነው።

ዓምደሚካኤል፦ (ትንፋሹን በመኪናው ይሰርዛል) ይኸው! አትተንፍስ። ሌላውን አንብብ። ደግሞ እንደ ጫኝ አትንጫጫ፤ እንደ ሬዲዮ ሰውዬ ድምፅህን ወፈር፣ ቀስ፣ ረጋ አድርግ።

ጆቴ፦ (ድምፁን አወፍሮ) ጓድ ጨመዳ። ነቀምቴ ነው። ጥሪው ስለ ጆቴ ነው። ቁጭ ይበሉ። ድርቤም ቀርባ ትስማ። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ማለዳ ከቤትዎ ይደርሳሉ። ከቤት አይውጡ። አብቅቷል።

ዓምደሚካኤል፦ ኧረ እሰይ! በእውነት እንባዬ ሊመጣ ነው። ሰላሳ ቃል አይሞላም፣ አንድም ፍየል የለበትም።

ጆቴ፦ የኔስ እንባ ምነው እንዲሁ መጣ?

(የሺአረግ በመስኮቱ ብቅ ብላ «አርጆ መጥቷል! ጆቴ፣ ሳጥን ግባ!» ብላ ትጮኻለች። ሁለቱም ተጋፍተው ጠባቡ የስልክ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ጆቴ መነጋገሪያውን ይይዛል። ዓምደሚካኤል ወረቀቱን ከፊቱ ዘርግቶ ይይዝለታል።)

ጆቴ፦ (በሬዲዮ ድምፅ) ሃሎ። ጓድ ጨመዳ። (አፉን በእጁ ሸፍኖ) ጋሼ! «አከም ጅርታ» እያሉኝ ነው!

ዓምደሚካኤል፦ አትመልስ!

ጆቴ፦ አባቴ የሚሆኑ ሰው ደህና ነህ ወይ ሲሉኝ ዝም ልበል?

ዓምደሚካኤል፦ ድርቤን ትፈልጋለህ አትፈልግም? አንብብ!

ጆቴ፦ (ላቡን እየጠረገ) ነቀምቴ ነው። ጥሪው ስለ ጆቴ ነው። (አፉን ሸፍኖ) ዝም አሉ ጋሼ።

ዓምደሚካኤል፦ ዝም ካሉ እያዳመጡ ነው። ሠርቷል ማለት ነው! ቀጥል!

ጆቴ፦ ቁጭ ይበሉ። (አፉን ሸፍኖ) «ማን ነህ አንተ?» ይላሉ። ማን ነኝ ልበል? ወረቀቱ ላይ እኔ የለሁም።

ዓምደሚካኤል፦ የሌለውን አትበል! ቀጥል!

ጆቴ፦ ድርቤም ቀርባ ትስማ። ሽማግሌዎች... ቅዳሜ... ማለዳ...

(ከመነጋገሪያው ውስጥ ጩኸት ይፈነዳል። ጆቴ ከጆሮው ያርቀዋል። ጩኸቱ ከሳጥኑ ውጪ ሳይቀር ይሰማል።)

ጆቴ፦ ጋሼ! እየጮኹ ነው!

ዓምደሚካኤል፦ ደስ ብሏቸው ነው። እልልታ ነው።

ጆቴ፦ እልልታ «ወዮ፣ ወዮ» ይላል እንዴ? ይሄ ደግሞ የድርቤ ድምፅ ነው! የሷን ድምፅ ከሺ ድምፅ መሃል አውቀዋለሁ! «ወዮ ጆቴ! ወዮ ባሌ! ሳላገባህ!» ትላለች። ድርቤ! ድርቤ፣ እኔ... (መነጋገሪያውን ያያል) ጥለውት ሄዱ። ጋሼ፣ እኔ ሞቻለሁ!

ዓምደሚካኤል፦ ማን ሞተ?

ጆቴ፦ እኔ! ጆቴ!

ዓምደሚካኤል፦ ማን ገደለህ?

ጆቴ፦ እርስዎ ነዎት እንጂ!

(ዓምደሚካኤል ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ በልቡ ያነበዋል። እያነበበ ፊቱ ይጠቁራል።)

ዓምደሚካኤል፦ «ስለ ጆቴ ነው... ቁጭ ይበሉ... ሽማግሌዎች በማለዳ...» ኧረ አምላኬ! መርዶ ነው የጻፍኩት!

ጆቴ፦ ሰላምታ አልመለስኩላቸውማ! በእኛ አገር ደህና ነህ ሲሉት ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ሞት ነው እንጂ! ፍየሏን ብቻ እንኳ ብጠይቅ ኖሮ እኖር ነበር!

ዓምደሚካኤል፦ አትጩኽ፣ እናስተካክለዋለን። የሺአረግ! አርጆን እንደገና አውጪልን፣ አስቸኳይ ነው!

(የሺአረግ መስመሩ ለስብሰባ እንደሚፈለግ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንዴ ብቻ እንደምታወጣላቸው ነግራ ታወጣላቸዋለች። ጆቴ ወደ መነጋገሪያው ይንጠራራል። ዓምደሚካኤል ይነጥቀዋል።)

ጆቴ፦ ይስጡኝ! አለሁ ልበላቸው!

ዓምደሚካኤል፦ አብደሃል? ሬሳው ራሱ ደውሎ «አለሁ» ቢላቸው ሽማግሌው በድንጋጤ ይሞቱብሃል! በቀስታ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጨርሰዋለሁ፤ አንተ ዝም ብለህ እይ። (ወደ ስልኩ) ሃሎ! ጓድ ጨመዳን ነበር... እሳቸው መናገር አልቻሉም? አንተ ማን ልበል? ጎረቤታቸው ባይሳ! ስማኝ ባይሳ፣ ጉዳዩ... (አዳምጦ) አሜን።

ጆቴ፦ ምን አሜን ይላሉ?

ዓምደሚካኤል፦ (አፉን ሸፍኖ) «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለኛ!

ጆቴ፦ አሜን አይበሉ! እኔን መቅበር ነው!

ዓምደሚካኤል፦ ያጥናህ የሚልን ሰው ምን ልበለው? አያጥናኝ ልበል? (ወደ ስልኩ) አሜን፣ አሜን... እናንተንም ያጥናችሁ። አዎ፣ ሁላችንም በዚያው ነን። አይ ባይሳ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ጆቴ እኮ... አዎ፣ ጥሩ ልጅ ነበረ። ነው! ነው ማለቴ ነው! ... ልክ ነህ፣ «ነበረ» ለማለት ይከብዳል... አዎ፣ ምላስ ቶሎ አይለምድም...

ጆቴ፦ አጠገቤ ቆሟል ይበሉት! እየተጫነኝ ነው ይበሉት!

ዓምደሚካኤል፦ (በስልኩ) ኧረ አሁንም አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል! ... አዎ፣ አንተም እንዲሁ ነው የሚሰማህ? ... ኩንታሉንማ ብቻውን ነበር የሚያነሳው። አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ጠረጴዛዬን ጠዋት ያወጣልኛል፣ ማታ ያስገባልኛል... እንኳን ሰውን ፍየልን ሳይጠይቅ የማያልፍ ልጅ! ዛሬ ጠዋት እኮ «ጉልበቴ የሷ ነው» ሲለኝ ነበር...

(ዓምደሚካኤል እጅጌውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ይንሰቀሰቃል።)

ጆቴ፦ (እንባውን እየጠረገ) እውነት እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ ጋሼ?

ዓምደሚካኤል፦ (በስልኩ) አሜን... አሜን... እኔ? ዓምደሚካኤል ነኝ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው። ስልክ ቤቱ በረንዳ ላይ ብትመጣ ሁሉ ሰው ያሳይሃል። ነጋ፣ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ላሟም ደህና ናት። ያንተስ፣ እግርህን አሞህ ነበር አሉ፣ የግራው ነው? ተሻለህ? ... እኔ ምልህ ባይሳ፣ አሁን ዋናው ጉዳይ... ሃሎ? ሃሎ?

(የሺአረግ ሦስት ጣቷን በመስኮቱ ታሳያቸዋለች። ከሳጥኑ ተስቦ እንደሚወጣ ሰው ሁለቱም በረንዳው ላይ ይወጣሉ።)

ጆቴ፦ ነገሩት?

ዓምደሚካኤል፦ ልነግረው ስል ነቀለችው።

ጆቴ፦ (ራሱን ይዞ) እና ሞቼ ቀረሁ!

ዓምደሚካኤል፦ ምን ላድርግ? ሰውዬው አንጀቴን በላው። እንዴት ይጠይቃል መሰለህ!

ጆቴ፦ ድርቤስ? ስለ ድርቤ ምንም አላለም?

ዓምደሚካኤል፦ ድርቤማ... ስልክ ቤታቸው ገበያው መሃል አይደል? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ባሌ፣ ባሌ» እያለች ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች አለኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ ሰማ። «ባሌ ሞተብኝ ብላ አገር ፊት ያለቀሰችን ልጅ ለወንድሜ ልጅ አልጠይቅም» ብሎ ነፍስ ይማር ብሎህ ሄደ።

(ጆቴ ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ፊቱ ላይ ፈገግታ ይመጣል።)

ጆቴ፦ ባሌ አለች?

ዓምደሚካኤል፦ አንተ ሰው፣ ሞተሃል እኮ ነው የምልህ!

ጆቴ፦ ሞቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ግን ባሌ አለች። በሊቀመንበሩ ፊት! ጋሼ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓምደሚካኤል፦ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ባይሳ እንዳለኝ ነገ ማለዳ በነጋዴ ዘነበ የጭነት መኪና ተጭነው ይመጣሉ። ጨመዳ፣ ሚስታቸው፣ ድርቤ፣ ባይሳ ከነእግሩ፣ የዕድሩ ሰው በሙሉ። ሽማግሌዎቹም ከፊት ተቀምጠው። ለእዝኑ በግ ሁሉ ይጭናሉ።

ጆቴ፦ ሽማግሌዎቹም? በጉም? ድርቤም?

ዓምደሚካኤል፦ ሁሉም!

ጆቴ፦ እንግዲያው ምን ቀረ? እኔ ሽማግሌ ልኬ፣ ሽማግሌው እዚያ ተቀምጦ፣ ተለምኖ፣ ተመልሶ፣ ድጋሚ ሄዶ ነበር የሚሆነው። አሁን አባትየው ሽማግሌውን ይዘው፣ ሙሽራይቱን ይዘው፣ የሚታረደውን ይዘው በአንድ መኪና ከቤቴ ይወርዳሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ «አከም ጅርቱ» እላለሁ። ሞቷል ያሉትን ልጅ ቆሞ ሲያገኙት ማን ልጄን አልሰጥም ይለዋል? ለለቅሶ የመጣው ሰው ሳይመለስ ድግሱ ይበላል።

(ዓምደሚካኤል ኮቱን አስተካክሎ ደረቱን ይነፋል።)

ዓምደሚካኤል፦ እንግዲህ አጭር ሰላምታ ማለት ይሄ ነው! ባጭሩ ተናገርን፣ ባጭሩ ተፈጸመ። አላልኩህም? ነገውኑ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን!

ጆቴ፦ ይለጠፍ ጋሼ። እኔን ማንም አይቆጣኝም፤ ሟች ነኝ። ምን አጠፋሁ? አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው።

ዓምደሚካኤል፦ ምን?

ጆቴ፦ ያ ሁሉ ሰው ሥራ ፈቶ፣ ፊቱን ነጭቶ፣ በዚያ ጭቃ መንገድ ከአርጆ ተንገላቶ መጥቶ እኔን ቆሜ ሲያገኘኝ፣ መጀመሪያ ይስመኛል። ከሳመኝ በኋላ ግን መጠየቁ አይቀርም። «ሞተ ብሎ በስልክ ያስለቀሰን ያ ሰውዬ ማን ነው?» ይላል።

ዓምደሚካኤል፦ አንተ ነህ እንጂ ያነበብከው!

ጆቴ፦ እኔማ ስሜን አልተናገርኩም። ወረቀቱ ላይ አልነበርኩም። ስሙን ከነሥራው፣ ከነመቀመጫው ነግሮ አብሯቸው ያለቀሰው ሌላ ሰው ነው።

(ዓምደሚካኤል የጽሕፈት መኪናውን ክዳን ቀስ ብሎ ይከድናል። ወንበሩን ያጥፋል። መኪናውን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ይጭናል።)

ጆቴ፦ ወዴት ነው ጋሼ?

ዓምደሚካኤል፦ ጊዳ አያና አክስት አለችኝ። ከጠየቅኳት ቆይቻለሁ።

ጆቴ፦ ኧረ ነገ ሠርጌ ነው! ሰዎቹ መጥተው «ጋሼ ዓምደሚካኤል የታሉ?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው?

ዓምደሚካኤል፦ (ደረጃውን እየወረደ፣ ዞር ሳይል) ሞተ በላቸው!